ውሃውን ማን ገለበጠው? ከንጉሥ ድንኳን እስከ ተሳቢ ቤት

የዛሬው ጽሑፍ ረዘም ይላል። ቡና የሚፈላበት ቤት ያላችሁ ከአቦል እስከ በረካ ያደርሳችኋል። የቸኮላችሁ ደግሞ አስቀምጡትና ማታ አንብቡት።

ነገሩ የተጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። አሜሪካ የሚኖር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቪዲዮ ላከልኝ። ልጁ የከባድ መኪና ሹፌር ነው። ዘንድሮ ከባለቤቱ ጋር ሆነው ያገለገለ ተሳቢ ቤት ገዝተዋል። ተሳቢ ቤት የምለው በፒክአፕ ኋላ እየተጎተተ የሚሄድ፣ ውስጡ አልጋ፣ ምድጃና መታጠቢያ ያለው ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ ጫካ ይዘውት ወጥተው እዚያው ያድራሉ። ችግሩ ጫካው ውስጥ ቧንቧ የለም። ቤቱ በጎኑ በኩል፣ በደረት ከፍታ ላይ፣ ክዳን ያላት አንዲት ቀዳዳ አለችው፤ ንጹሕ ውሃ በእሷ ገብቶ 150 ሊትር ገደማ የሚይዝ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። ስለዚህ ውሃውን ከሩቅ በጀሪካን እያመጡ መገልበጥ ነው።

ቪዲዮው ይኸንን ሲሠራ ያሳያል። መጀመሪያ 26 ሊትር የሚይዝ ሰማያዊ ጀሪካን በሁለት እጁ አንስቶ፣ የላስቲክ ጠርሙስ ቆርጦ በሠራት ማስገቢያ ሊያፈስ ይሞክራል። ግማሹ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ቀጥሎ ብልሃት መጣለት፤ ጀሪካኑን ፒክአፑ ላይ ሰቀለና በጎማ ቱቦ አፉን ገጥሞ ሳበ። ውሃው ከላይ ወደ ታች ራሱ ወረደ። ፊዚክስ ያስተማራችሁ መምህር ይባረክ! የውሃው መነሻ ከመድረሻው ከፍ እስካለና ቱቦው ውስጥ አየር እስካልገባ ድረስ ውሃ ያለ ሞተር ይሄዳል። ሦስተኛው ላይ ደግሞ በድሪል የምትሽከረከር ትንሽ ፓምፕ ገዝቶ መጣ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ጀሪካኑ ባዶ ሆነ።

ሳቅሁ። ከቪዲዮው በታች ግን በድምፅ የተቀዳ መልእክት ነበረ። እንዲህ ይላል፦ «ቲቸር፣ እውነቴን ነው የምልዎት፣ ጎንደር እያለሁ አንድም ቀን ውሃ ቀድቼ አላውቅም። ሁሉንም የምትቀዳው እኅቴ ነበረች። ዛሬ ወገቤ ሲቆረጥ ነው ትዝ ያለችኝ።»

እዚህ ላይ ሳቄ ቆመ። ምክንያቱም እኅቱም ተማሪዬ ነበረች። የእሷን ነገር መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። እንደምታውቁኝ እኔ የታሪክ መምህር ነኝ፤ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ወደ ኋላ ሄጄ ካላየሁት አይገባኝም። ዲፕሎማ ያለኝ አስተማሪ እንጂ ተመራማሪ አይደለሁም፤ የሳትኩት ካለ አርሙኝ።

*

ተማሪዬ አዲስ ነገር የገዛ መስሎታል። የኛ ነገሥታት ግን ለብዙ ዘመን የኖሩት በሚጓዝ ቤት ነው።

ከጎንደር በፊት የነበሩት ነገሥታት አንድ ቦታ ተተክለው የሚቀመጡ አልነበሩም። ድንኳናቸውን ይዘው ከአገር አገር ይዞራሉ። በ1520ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የአፄ ልብነ ድንግልን ሰፈር አይቶ ስፋቱንና የድንኳኑን ብዛት በመገረም ጽፏል። ንጉሡ መሐል፣ ቤተ ክርስቲያኑ በቦታው፣ መኳንንቱ በቀኝና በግራ፣ ገበያው በዳር። ሰፈሩ ተነቅሎ ሌላ ቦታ ሲተከልም ሥርዓቱ አይዛነፍም፤ ሁሉም የየራሱን ቦታ ያውቃል።

«ከተማ» የሚለውን ቃላችንን ልብ በሉት። ዛሬ ከተማ ስንል አስፋልት፣ ፎቅና ባጃጅ ይታየናል። ቃሉ ግን «ከተመ» ከሚለው የመጣ ነው፤ ሰፈረ፣ ጦሩን ይዞ ዐረፈ ማለት ነው። ከተማ ማለት ንጉሡ ዛሬ የሰፈረበት ቦታ ነበር። ነገ ንጉሡ ከተነሣ ከተማውም ይነሣል። የተማሪዬ ተሳቢ ቤት በድሮው አማርኛ አንድ ትንሽ ከተማ ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

ያን ያህል ሕዝብ፣ ያን ያህል ፈረስና በቅሎ አንድ ቦታ ሲሰፍር ምን ያልቃል? የታሪክ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚያነሡት እንጨቱን ነው፤ ዙሪያው ያለው ዛፍ ለማገዶ ያልቅና ሰፈሩ ይነሣል። እህሉም እንደዚያው። ውሃው ግን በየቀኑ ከወንዝ ወይም ከምንጭ ተቀድቶ፣ ሽቅብ ወጥቶ፣ በየድንኳኑ ካለው ዕቃ መገልበጥ ነበረበት። እንጨት አንዴ ከተቆረጠ ሁለት ቀን ያነዳል፤ ውሃ ግን ዛሬ የተቀዳው ዛሬ ያልቃል። በዜና መዋዕሎቻችን ውስጥ የዘመተው ደጃዝማች ስሙ አለ፣ የቀደሰው ካህን ስሙ አለ፣ የሸፈተውም ስሙ አለ። ውሃ ቀጂዋን በስሟ የጠራ ዜና መዋዕል ግን እስካሁን አላየሁም።

*

አፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን ሲቆረቁሩ ያን ዙረት ብዙውን አቆሙት። ከሳቸው በፊት አፄ ሠርፀ ድንግል ጉዛራ ላይ ግንብ ሠርተዋል፤ አባታቸው አፄ ሱስንዮስም በጎርጎራና በደንቀዝ ተቀምጠዋል። ጎንደር ግን ጸናች። ክፍል ውስጥ «ለምን ጎንደር?» ብዬ ስጠይቅ ተማሪው ሁሉ ከአፌ ነጥቆ ይመልሳል፦ በሁለት ወንዞች መካከል ስለሆነች! ልክ ነው። በአንድ በኩል አንገረብ፣ በሌላ በኩል ቀሃ። ሁለቱም ወርደው መገጭ ይገባሉ፤ መገጭ ደግሞ ጣና።

አሁን ግን መልሱን እንደገና እዩት። ግንቡ ያለው የት ነው? ከላይ፣ ጉብታው ላይ። ወንዞቹስ? ከታች፣ ገደሉ ሥር። «በሁለት ወንዞች መካከል» ማለት እኮ ውሃ በሁለት በኩል ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው! ካርታ ላይ ለንጉሡ የተመቸው ቦታ፣ ለቀጂዋ በየቀኑ ዳገት ነበር። ይኸንን ስንት ዓመት ሳስተምር አንድም ቀን አልታሰበኝም።

ዳገቱን ያወጣችው ዕቃ እንስራ ነች። እኔ የተወለድኩት ወገራ፣ ከዳባት ወጣ ብሎ ነው፤ በልጅነቴ እንስራ ደርሼበታለሁ። አያቴ ከምንጭ ስትመለስ ታየኛለች። ገመዱ በደረቷ ዞሮ፣ እንስራው ከወገቧ ላይ ተቀምጦ፣ እሷ ወደ ፊት ጎንበስ ብላ። ባዶውን እንኳ ከባድ ነው። ብቻዋን ተነሥታ መሸከም ስለማትችል ሁሌም «አሸክሚኝ» የምትላት ሌላ ሴት ያስፈልጋታል። የእንስራው አፍ ላይ ቅጠል ትጠቀጥቅበታለች። ልጅ ሆኜ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ ውሃው እየተናጠ እንዳይፈስ ነው! ዛሬ የውሃ ቦቴ ውስጡ በብረት ግድግዳ ይከፋፈላል፤ ምክንያቱ ያው ነው፤ በግማሽ የተሞላ ውሃ መንገድ ላይ ሲናጥ መኪና ይገለብጣል። አሜሪካ ያለው ተማሪዬም ታንከሩን ግማሽ አድርጎ ረጅም መንገድ መጎተት እንደማይመከር ነግሮኛል። አያቴ ይኸንን መጽሐፍ ሳታነብ በቅጠል ፈታዋለች።

ቤት ስትደርስ ውሃውን በነጠላ ጫፍ እያጠለለች ማድጋው ውስጥ ትገለብጠዋለች። ማድጋው በወይራ የታጠነ ነው፣ ውሃው ይሸታል። ሸክላ ደግሞ ላብ ያወጣል፤ በላቡ ውስጡን ያቀዘቅዛል። ጀሪካን ይኸን አያውቅም።

እንስራውን ማን ሠራው? በጎንደር ዙሪያ ሸክላ ሲነሣ ከከተማዋ ወጥቶ በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ ትነሣለች። የወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ፤ ወንዶቹም በአንጥረኝነትና በግንበኝነት። በእጃቸው በተሠራ እንስራ ጠጥተን፣ በጋናቸው ጠላ ጠምቀን፣ ዞር ብለን «ቡዳ» እንላቸው ነበር። ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. በ«ዘመቻ ሰሎሞን» ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ሄዱ። ወለቃ ዛሬም አለች፤ ለቱሪስት የሚሸጡ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች መንገድ ዳር ይታያሉ። እንስራውን የሠሩት እጆች ግን አብዛኞቹ ሄደዋል። ውሃችንን የያዘልንን ሰው ያለማመስገን ልማዳችን የቆየ ነው።

*

ጎንደር ውሃን በክብር የምታስገባበት አንድ ቀን አላት። ጥር 10።

የዚያን ቀን ስም «ከተራ» ነው። «ከተረ» ማለት ውሃን ገደበ፣ አገደ ማለት ነው። የቀሃ ውሃ በቦይ ተመርቶ የፋሲል መዋኛ ይሞላል። ዓመቱን ሙሉ ደረቅ የነበረው ገንዳ፣ የዋርካ ሥሮች አጥሩን ያቀፉት ያ ቦታ፣ ቀስ በቀስ ይሞላል። ታቦታቱ ወርደው ያድራሉ፤ በማግሥቱ ውሃው ይባረካል፣ ወጣቱ ይዘላል። እ.ኤ.አ. በ2019 ዩኔስኮ ጥምቀትን በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው ሁላችንም ፎቶ ለጥፈናል፤ እኔም ለጥፌያለሁ።

የፋሲል መዋኛ ለኔ የምሕንድስና ትምህርት ነው። እዚያ ውሃው በሰው ጀርባ አልመጣም። ከወንዙ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተጠልፎ፣ ቁልቁለቱን ጠብቆ፣ ራሱ ነው የሚመጣው። ልክ ተማሪዬ ጀሪካኑን ፒክአፑ ላይ እንደሰቀለው ማለት ነው። እንግዲህ እውቀቱ ነበረን። ውሃን ያለ ሸክም ማስኬድ ለበዓሉ አውቀንበታል። ለዘወትሩ ግን የሴት ወገብ ስለነበረ ማንም አልተቸገረም።

*

ወንድ ውሃ ሲሸከም ታሪክ ይጻፍለታል። ምሳሌውም ሩቅ አይደለም።

በ1860 ዓ.ም. እንግሊዞች ከአፄ ቴዎድሮስ ጋር ለመዋጋት ቀይ ባሕር ዳር ዙላ ላይ ሲወርዱ የመጀመሪያ ጠላታቸው ውሃ ነበር። ቦታው በረሃ ነው። ያን ያህል ወታደርና በሺህ የሚቆጠር የጭነት ከብት የሚጠጣው አጣ። የባሕሩን ውሃ በእንፋሎት መርከብ ላይ አፍልተው፣ እንፋሎቱን መልሰው አቀዝቅዘው፣ ጨው የሌለው ውሃ ለማግኘት ተገደዱ። ብዙ በቅሎ በጥምና በበሽታ አለቀ። ወደ ላይ ሲወጡ ውሃውን በቆዳ ከረጢት እያደረጉ በበቅሎ ጫኑት።

ሌላም ነገር ይዘው መጥተዋል፦ ጫፉ የሾለ፣ ጎኑ የተበሳሳ የብረት ቧንቧ። መሬት ውስጥ በመዶሻ ይመቱትና ከላይ የእጅ ፓምፕ ይገጥሙለታል። ውሃ በቅርብ ካለ ያለ ቁፋሮ ይወጣል። ይኸ መሣሪያ ከዚያ ዘመቻ በኋላ በእንግሊዝኛ «አቢሲኒያን ዌል» ተባለ፣ የሐበሻ ጉድጓድ ማለት ነው። እንግሊዝ አገር ስንቱ ገበሬ በጓሮው «የሐበሻ ጉድጓድ» ሲያስተክል፣ ሐበሻዋ ግን እንስራዋን አዝላ ምንጭ ትወርድ ነበር። ስማችንን ወሰዱ፤ ቧንቧውን ግን አልተውልንም።

ቀጥሎ ጣሊያን መጣ። በ1928 ዓ.ም. ጎንደር ገባ፣ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እዚሁ ጎንደር ላይ እጁን ሰጠ። በአምስቱ ዓመት ፒያሳን ሠርቶ፣ የሊማሊሞን መንገድ ቆርጦ ሄደ። ቃላትም ጥሎልን ሄዷል። ዛሬ ውሃ ሲጠፋ በስልክ የምንጠራው «ቦቴ» የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ በርሜል ማለት ነው።

*

ጀሪካንስ? ይኸን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪ አይተኛብኝም።

ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ ለጦራቸው 20 ሊትር የሚይዝ የብረት ዕቃ ሠሩ። ለቤንዚንም ለውሃም የሚሆን ነው። የውሃው ከቤንዚኑ እንዳይደባለቅ ነጭ መስቀል ይቀቡበት ነበር። እጀታው ሦስት ነው። ለምን ሦስት? ሙሉውን አንድ ሰው በመሐለኛው ይይዘዋል፤ ሁለት ሰው ከሆነ በዳርና በዳር ይይዙታል፤ ባዶ ከሆነ ደግሞ አንድ ሰው በአንድ እጁ ሁለት ይይዛል። አንገቱ ውስጥ የአየር መተላለፊያ ስላለው ሲገለበጥ ሳይንገጫገጭ ይፈሳል።

እንግሊዞች በሰሜን አፍሪካ በረሃ ላይ የሚጠቀሙበት ስስ ቆርቆሮ እየተቀደደ ነዳጁን አሸዋ ሲጠጣው፣ የጀርመኑን ማርከው አዩት፤ ከዚያም ቁጭ ብለው ገለበጡት። የእንግሊዝ ወታደር ጀርመንን «ጄሪ» ብሎ ነበር የሚጠራው። ዕቃውም «ጄሪ ካን» ሆነ፤ የጄሪ ጣሳ እንደማለት። የጦር ሜዳ ስድብ እኛ ቤት ደርሶ የወጥ ቤት ዕቃ ስም ሆነ።

በኋላ ብረቱ ላስቲክ ሆነ። ዘይት የመጣበት ቢጫ ጀሪካን ዘይቱ ሲያልቅ ታጥቦ የውሃ ይሆናል። አይሰበርም፣ ቀሊል ነው፣ ክዳን አለው፣ ቅጠል አያስፈልገውም። እንስራ ቀስ በቀስ ከገጠሩም ጠፋ። ግን ልብ በሉ፤ ያ የአየር መተላለፊያ የለውም። ለዚህ ነው ሲገለበጥ ጎል-ጎል-ጎል እያለ እጃችሁን የሚያንገጫግጨውና መሬቱን የሚያርሰው። እጀታውም አንድ ብቻ ነው። ለሁለት ሰው የሚሆነው እጀታ ቀረ። አሁን «አሸክሚኝ» የምትባለዋ ጎረቤትም ቀረች። 20 ሊትር ማለት 20 ኪሎ ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ብቻዋን ታነሣዋለች።

*

እስቲ አሁን ወዳለንበት ጎንደር እንምጣ።

የአንገረብ ግድብ ደለል እየሞላው ነው፤ ከዙሪያው ተራራ የሚታጠበው አፈር ማረፊያው እሱ ነው። የሕዝቡ ቁጥር ደግሞ በየዓመቱ ይጨምራል። የመገጭ ግድብ ሥራ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፣ ብዙ ቤትም ዓይኑ እዚያ ላይ ነው። እስከዚያው ውሃ በፈረቃ ነው፤ በፈረቃውም ብትመጣ ብዙ ጊዜ ሌሊት ነው። ጎንደር የኖራችሁ ያንን ድምፅ ታውቁታላችሁ፤ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ቧንቧው «ፍስስስ» ብሎ አየር ይተፋል፣ ከዚያ ይስላል፣ ከዚያ ቀይ ውሃ ይመጣል፣ ከዚያ ይጠራል። ከዚያ ሩጫ ነው። ጀሪካኑ ይሞላል፣ በርሜሉ ይሞላል። ሮቶ ያለው ሰው ሮቶው ቆጥ ላይ ስለሆነና ግፊቱ እዚያ ስለማይደርስ በጀሪካን እያወጣ ይገለብጣል።

በደህናው ጊዜ ውሃ የሚሸጡም አሉ። ጀሪካን የደረደረ የአህያ ጋሪ፣ ኋላው በጀሪካን የተሞላ ባጃጅ፣ ሲብስ ቦቴ። እስቲ ነጂዎቹን አስተውሉ። ባለ ጋሪው ወንድ፣ ባለ ባጃጁ ወንድ፣ የቦቴው ሹፌርና ረዳቱ ወንድ። እነሱ በር ድረስ ያደርሳሉ። ከበር ወደ ውስጥ፣ ከጀሪካን ወደ በርሜል፣ ከበርሜል ወደ ድስት የምታደርሰውስ?

እኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ ያገኘሁት አንድ ነገር ነው። ውሃ ሲሸጥ ወንድ ይጭነዋል፤ ውሃ ሲጠጣ ሴት ትሸከመዋለች። ውሃ ለጦር ሲሆን መሐንዲስ ይመደብለታል፤ ለበዓል ሲሆን ቦይ ይቆፈርለታል፤ ለቤት ሲሆን ልጅ ከእንቅልፏ ትቀሰቀሳለች። ዕቃው ከእንስራ ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ሮቶ ተለወጠ። የመጨረሻዋን እርምጃ የምትሄደው ሰው ግን ብዙም አልተለወጠችም።

ይኸ የጎንደር ብቻ አይደለም፤ በብዙ የአፍሪካ አገር እንዲሁ ነው። እኔ ግን የማውቀው የራሴን ነውና ወደ ራሴ ልምጣ።

*

ቃል በገባሁት መሠረት፣ የተማሪዬ እኅት።

ማስተማር በጀመርኩባቸው ዓመታት ነው። ስሟን አልጽፍም። ወንድሟ ከእሷ በአንድ ክፍል ይበልጣል፤ ሁለቱም እኔ ጋ ይማሩ ነበር። እሱ ሁልጊዜ ሰንደቅ ዓላማ ሳይወጣ ግቢ ውስጥ ነው፤ ደብተሩ ንጹሕ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ። እሷ ታረፍዳለች። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አንዳንዴ ሦስት። ስትመጣም ክፍል ውስጥ ያንቀላፋታል።

እኔ ያኔ ወጣት ነኝ፤ ጥብቅ መምህር መባል ደስ ይለኛል። ተረኛ በሆንኩበት ቀን ሁለት ሰዓት ሲሞላ በሩን አዘጋለሁ። አንድ ቀን ሮጣ ስትደርስ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። የቀሚሷ ጫፍ ርሷል። «ቲቸር፣ ውሃ መጥታ ነው» አለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት ዛሬም ይሰማኛል። «ወንድምሽ ቤት ውሃ አልመጣችም?» ብዬ መለስኳት። አብረውኝ የነበሩት ሳቁ። እሷ መሬት መሬት አየችና ዞራ ሄደች።

የሚያሳፍረው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ጥያቄው ትክክል ነበር እኮ! «ወንድምሽ ቤት ውሃ አልመጣችም?» መጥታለች። ያው አንድ ቤት ነው። ያው አንድ ቧንቧ ነው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተነሣችው እሷ ነች፤ እሱ ተኝቷል። እሱ የታጠበበትን ውሃ የሞላችው እሷ ነች። እኔ ግን ጥያቄውን ለስድብ ተጠቅሜበት መልሱን ሳልጠብቅ በሩን ዘጋሁት። የዚያን ዕለት ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ ባታምኑኝም እነግራችኋለሁ፤ የጎንደርን አመሠራረት ነው። «በሁለት ወንዞች መካከል።»

ወንድምየው ጎበዝ ተማሪ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ በኋላም ዕድል ቀንቶት ወጣ። ይገባዋል፣ ጎበዝ ነው። እሷ የአሥረኛ ክፍል ፈተና አልመጣላትም። ያን ጊዜ «ሰነፍ ነበረች» ብለን ዘጋናት። የታሪክ መምህር ነኝ ብዬ የሦስት መቶ ዓመት ምክንያትና ውጤት አስተነትናለሁ፤ ፊት ለፊቴ የቆመችውን ልጅ ምክንያት ግን ማየት አቃተኝ።

*

ወንድሟ መልእክቱን ከላከልኝ በኋላ ስልኳን ጠየቅሁት። ሁለት ቀን ፈራሁ፤ በሦስተኛው ደወልኩ።

አሁን እዚሁ ጎንደር ትንሽ ሱቅ አላት፤ ሁለት ልጆችም ወልዳለች። መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ስነግራት ደነገጠች፤ ሰው የሞተ መሰላት። ከዚያ የደወልኩበትን ነገርኳት። ዝም አለች። ቀጥሎ ሳቀች። «ውይ ቲቸር! እሱን እስካሁን ይዘውት ነው? እኔ እኮ ረስቼዋለሁ» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ «አልረሳሁትም እንጂ... ትቼዋለሁ» አለች። ይቅርታ ጠየቅኋት። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

ወንድሟ አሜሪካ ሆኖ ጀሪካን ሲሸከም ቪዲዮ እንደላከልኝ ስነግራት በጣም ነው የሳቀችው። «ለእኔም ልኮልኛል፤ ጫማው ላይ ሲያፈሰው አየሁት። ከታች ጉልበቱን ከእሥሩ አስገብቶ ቢያነሣው ኖሮ አይፈስበትም ነበር» አለች። ሙያ ማለት ይኸ ነው።

ልጆችሽስ ስላት፣ ወንዱ ዘጠኝ ዓመቱ፣ ሴቷ ሰባት ነች አለች። «ገና ናቸው፤ ጀሪካን አላሸክማቸውም። ግን ውሃ ስትመጣ ሁለቱንም ነው የምቀሰቅሳቸው፤ በጆግ ይከተሉኛል። ወንዱንም!» «ወንዱንም» ያለችበትን ድምፅ መጻፍ አልችልበትም።

ብዙ ልናወራ ነበር። ድንገት አቋረጠችኝ። «ይቅርታ ቲቸር፣ ውሃ መጣች!» ስልኩ ተዘጋ።

*

ወዳጆቼ፣ ምን ለማለት ነው። ግድቡ እስኪያልቅ፣ ቧንቧው ቀን ቀን እስኪመጣ ድረስ እኔ የማደርገው ትንሽ ነገር አለ። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ አርፍዳ የመጣች ልጅ «ውሃ መጥታ ነው» ካለችኝ አስገባታለሁ። ክፍል ውስጥ ደግሞ «ዛሬ ሌሊት ውሃ የቀዳችሁ እጅ አውጡ» እላለሁ። መጀመሪያ ሰሞን የሚነሡት እጆች የሴቶቹ ብቻ ነበሩ። ወንዶቹ ይስቃሉ። ሳቁን አስቁሜ «ቁርስ የበላህበትን ውሃ ማን ቀዳው?» ብዬ አንድ በአንድ እጠይቃቸዋለሁ። አሁን አሁን ከወንዶቹም ሁለት ሦስት እጅ ይነሣል። አንዳንዱ ለማርክ ብሎ ሊዋሽ ይችላል፤ ግዴለም፣ ከሚስቅብኝ ይዋሽልኝ።

መምህራን ካላችሁ ሞክሩት። ወላጅ የሆናችሁ ወንዱንም ቀስቅሱት፤ ጀሪካን ፆታ አይለይም። እንደ ተማሪዬ ውጭ አገር ሆናችሁ ቧንቧ ስትከፍቱ ሙቁም ቀዝቃዛውም ራሱ የሚመጣላችሁ ደግሞ፣ እዚህ እያላችሁ በእናንተ ቤት ማን ነበር የሚቀዳው? እናት? እኅት? ሠራተኛ ሆና የመጣች የገጠር ልጅ? ስሟን አስታውሱት። ካለች ደውሉላት። ስልኩ መሐል ላይ ከተዘጋባችሁ አትቀየሙ፤ ውሃ መጥታ ይሆናል።

ቸር ሰንብቱ።